ሜዲሲን ለመግባት ነጥብ ብቻውን አይበቃም

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ አራት ኪሎ ሌላ ወሬ የለም። ካፌ ውስጥም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት መጣለት?» ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ «ምን ሊማር ነው?» ብሎ የሚጨምር አይገኝም። ሜዲሲን ነዋ! ጥቁር አንበሳ፣ ካልሆነም ጳውሎስ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ሜዲካል ስኩሉ ልጁን የሚመርጠው በአብዛኛው በነጥቡ ነው። ልጁም ሜዲሲንን የሚመርጠው በዚያው ነጥብ ነው። «ይህን ነጥብ ይዘህማ ሌላ አትማርም» ይባላል። ነጥቡ እንዳይባክን ተብሎ የሰው ዕድሜ ይባክናል። ሒሳብ ነፍሱ የሆነ ልጅ አውቃለሁ። ቤተሰብ ደስ ይበለው ብሎ ሜዲሲን ገባ። ፒሲ ዋን ላይ፣ ማለትም ታካሚ ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው የንድፈ ሐሳብ ዓመት፣ አናቶሚ ሲሸመድድ ያድርና ጠዋት ፊቱን ስታዩት ያሳዝናል። ጎበዝ ስለሆነ ያልፋል። ግን ገና ካሁኑ የሚያወራው አሜሪካ በሐኪምነት ለመሥራት ስለሚወሰደው ስቴፕ ፈተና ነው፤ ተመርቆ ከአገር ስለ መውጣት። አልፈርድበትም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ጮኸው እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ሙያውን ወደው የገቡት እንኳ ተቸግረዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠቱ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከዚያ በፊት መልሱ በቴሌግራም ሲዞር የሚያድርበት ዘመን ነበር፤ የለፋና ያልለፋ እኩል የሚታይበት። ኩረጃው ሲገፈፍ ግን ከሥሩ የወጣው እውነት ያስደነግጣል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2017 ከተፈተኑት 585 ሺህ ከሚበልጡ ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው።

ከነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን ሌላ ነው። በ2015 ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም! በነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው? ማንም እንዲህ ብሎ አያምንም። የፊዚክስ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት አለ። ላብራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ የማይታወቅበት አለ። በጦርነቱ ተዘግቶ የከረመም አለ።

እዚህ መሀል ከተማ ያለው ልጅ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ ብላችሁ ተመልከቱ። የየትምህርት ቤቱ ሞዴል ፈተና በየትምህርት ዓይነቱ ተጠርዞ ተደርድሯል። የቆየ የማትሪክ ጥያቄ ከነመልሱና ከነማብራሪያው ይሸጣል። ባለፈው አንዲት እናት ለልጇ የኬሚስትሪውን ስታስጠርዝ አየሁ። ቤት የሚመጣ አስጠኚ አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ቲቶሪያል ይገባል። እናትየዋ ምንም አላጠፋችም። አቅሙ ካለ ማንም ወላጅ ያደርገዋል። ግን ይህ ልጅ ያመጣው ነጥብና መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት በራሷ አንብባ ግማሹን የተሻገረች ልጅ ያመጣችው ነጥብ እኩል አይመዘንም። የሷ ቢያንስም ልፋቱ የሷ ነው። እኛ ግን ሁለቱን ከላይ ወደ ታች በአንድ ዝርዝር ደርድረን አንድ ቦታ ላይ መስመር እናሰምራለን።

«የሰው ሕይወት ነው፤ ጎበዙ ይግባ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ልክ ናቸው፤ እኔም ጎበዙ ይግባ ነው የምለው። 50 በመቶው ይነሳ አላልኩም። ማለፊያው ለሁሉም ይጽና። ክርክሬ ከማለፊያው በላይ ስላሉት ነው። ደግሞ ማትሪክ የመጨረሻው በር አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን፣ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ ተመልሷል። ከዚያ ፒሲ አለ፣ ታካሚ አጠገብ የሚማሩበት ሲ ዋን አለ፣ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚማሩበት ኢንተርንነት አለ፣ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ዶክተር ተብሎ የሚወጣው ይህን ሁሉ ያለፈ ነው። የቦሌም ልጅ ሆነ የወሎዋ ወግዲ ልጅ አንድ ዓይነት ፈተና ነው የሚቀመጠው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ መሀል ከተማ ያለ ትልቅ ሆስፒታል ነው። ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ አንድ ገበሬ ተራቸው ደረሰ። ኢንተርኑ «አባባ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» አላቸው። «ጤፉን ስናጭድ» አሉት። ልጁ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ዞር ብሎ «ኅዳር ላይ ነው፤ ሦስት ወር ሆኗቸዋል ማለት ነው» አለው። ከዚያ ሁለተኛው ልጅ ራሱ ወንበር ስቦ ጠጋ አላቸው። ሰውየውም ወሬያቸው ተፈታ፤ ስለ ክብደታቸው መቀነስ፣ ሌሊት ስለሚያልባቸው ላብ ሳይጠየቁ ነገሩት። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። የሁለተኛውን እውቀት የሚለካ ጥያቄ ግን ማትሪክ ላይ የለም።

ነገሩ ከመግባባትም ያልፋል። አገራችን ውስጥ ለ10 ሺህ ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ገደማ ነው፤ እሱም የሚበዛው ከተማ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2021 ባደሰው መመሪያ ገጠር ያደጉ ተማሪዎችን በጤና ትምህርት ቤቶች መቀበልን ይመክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተመልሰው ገጠር የመሥራት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

አገባቡን ማስተካከልም ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። በሌላውም አገር የተሞከረ አለ። የአሜሪካዋ ቴክሳስ በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በየትምህርት ቤቱ ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ የወጣ ተማሪ የግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንዲቀበሉት አድርጋለች። ኦስቲን ላለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ገደብ ቢወጣለትም ሐሳቡ አሁንም ይሠራል። ልጁ የሚወዳደረው አብረውት ከተማሩት ጋር ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሱን የመግቢያ ፈተናም ይሰጣል። ግን ሁለተኛ ፈተና መጨመር ያንኑ ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት እንዳይሆን እፈራለሁ። ለሁለተኛውም ቲቶሪያል ይከፈትለታል። ነፃነቱን ለሌላ ነገር ቢጠቀምበት ይሻላል። የእያንዳንዱ ተማሪ ትምህርት ቤት ይታወቃል። የየትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት እጅ ላይ አለ። ልጁ ከትምህርት ቤቱ አማካይ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ማስላት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለሚቀጥለው ቅበላ የዩኒቨርሲቲው ሜዲካል ስኩል ባለበት ጥቁር አንበሳ ካሉት ቦታዎች አንድ አምስተኛውን በዚህ መንገድ ይሙላ። ከመግባታቸው በፊትም አጭር ቃለ መጠይቅ ተደርጎ ልጆቹ ይህን ሙያ ለምን እንደፈለጉት ይጠየቁ። ሲመረቁ ደግሞ በሙያ ፈቃድ ፈተናው ያመጡት ውጤት ከሌሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ይፋ ይሁን።