ባዶ አዳራሽ ሁሉ ያምራል

አዳራሽ ሊያይ የሚላክ ቡድን የትም ቢሆን ያው ነው። አንዱ ፎቶ ያነሳል። አንዷ መጋረጃውን ትዳስሳለች። ሌላው ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ብዙ አምፖል መብራት አንጋጦ እያየ "ኧረ ይሄስ ጉድ ነው!" ይላል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሞከረ የለም፣ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የጠየቀም የለም። በማግስቱ ቀብድ ተከፈለ ሲባል ትሰማላችሁ።

ነገሩ የሚበላሸው እዚሁ ጋ ነው። አዳራሹ የሚታየው ባዶውን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተጠርጎና ተወልውሎ ነው። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ሁሉም ያምራል። ቀዝቀዝ ይላል፣ ሰፊ ነው፣ ድምፅ ያስተጋባል (ማስተጋባቱን ብዙ ሰው እንደ ግርማ ሞገስ ነው የሚቆጥረው፣ እመለስበታለሁ)። የሚገፋ ክርን የለም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ምን ዋጋ አለው፣ ድግሱ የሚደረገው ሰው ገብቶበት ነው።

"ስንት ሰው ይይዛል?" ሲባል ሥራ አስኪያጁ ዐይኑን ሳያሽ "500!" ይላል። ቆሞ ነው ተቀምጦ? ይህን የሚጠይቅ ሰው እንደ ነገር ፈላጊ ነው የሚታየው። ግን ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ለሚያወራ ሰው ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ክብ ጠረጴዛ ሲገባ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። 10 ሰው በደንብ የሚያስቀምጥ ክብ ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፣ በዙሪያው ወንበር አለ፣ ከወንበሩ ጀርባ አስተናጋጅ ትሪ ተሸክሞ የሚያልፍበት መንገድ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ላይ መድረኩ፣ የጭፈራው ቦታ፣ የኬኩ ጠረጴዛ፣ ፎቶ መነሻው፣ እንደ ቁም ሣጥን የቆሙት ስፒከሮች ሲጨመሩ 500ው ሰው ቀስ በቀስ 250 ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ግን አልዋሸም። 500 ሰው ይይዛል፤ ቆመው፣ ሳይበሉ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ ተቻችለው።

የተገላቢጦሹም አለ። 80 እንግዳ ጠርቶ የ600 ሰው አዳራሽ የሚከራይ። እንግዳው ሁሉ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ መድረክ መሪው "እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ" እያለ ይለምናል፣ ማንም ንቅንቅ አይልም። ከፊት ያሉት ባዶ ወንበሮች ጥሪ አክብረው ያልመጡ ዘመዶች ይመስላሉ።

ስለ ሙቀት ደግሞ ልንገራችሁ። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። 300 እንግዳ ማለት እንግዲህ 30 ኪሎዋት ነው፤ ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ 15 ገዝቶ አንዴ መለኮስ ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ዘፈን ሳይከፈት ነው። ቡድኑ ሲጎበኝ "ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው" ያለለት አዳራሽ ማምሻውን የሙሽራዋን ኩል አገጯ ድረስ ያወርደዋል።

አሁን ወደ ማስተጋባቱ። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ውስጥ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ በሠራው የፎግ ሙዚየም የንግግር አዳራሽ ውስጥ መምህሩ የሚለው አልሰማ አለ። ዋላስ ሳባይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር እስቲ መላ በል ተባለ። ሲለካው አንድ ድምፅ 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ግድግዳ ለግድግዳ እየተላተመ ይቆያል። ተናጋሪው የመጀመሪያ ቃሉ ሳይጠፋ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሳል ማለት ነው። ሳባይን ሌሊት ሌሊት ከአንድ ቴአትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣ፣ እየደረደረ፣ እየለካ፣ ትራስም የሰው ገላም ድምፅ እንደሚውጡ በቁጥር አሳየ። የአዳራሽ ድምፅ ሳይንስ የሚባለው ነገር ከዚያ ነው የተነሳው።

ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ወለሉ እብነ በረድ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ሰማይ የደረሰ አዳራሽ ስናይ ልባችን ይቀልጣል። ድምፅ የሚውጥ አንዲት ጨርቅ የለችበትም! ሁሉም የሰማውን መልሶ ይተፋል። ጎረቤት ጠረጴዛ ይጮሃል፣ እናንተ ትጮሃላችሁ፣ የሙዚቃ ባንዱ ይህን አይቶ ድምፅ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ጨዋታው ሁሉ በቅንድብ ይሆናል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውዬ ጆሯችሁ ሥር ገብቶ ረዥም ነገር ሲያወራ ፈገግ ብላችሁ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ስትሉ ታመሻላችሁ። ምናልባት የባንክ ብድር ዋስ ለመሆን ተስማምታችሁ ይሆናል። በሳምንቱ ይደውላል።

አዳራሽ የምታዩ ሰዎች፣ እባካችሁ መሀል ላይ ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ቶሎ ካልሞተ ውጡ። ከተቻለም ሌላ ሰው ደግሶበት ሳለ ሂዱና በር ላይ ቆማችሁ ስሙ፣ የመጸዳጃ ቤቱንም ሰልፍ በዚያው እዩ። በተለይ የሴቶቹን። 200 ሴት ለሁለት በር ሲሰለፍ ከዋናው ዝግጅት ይልቅ እዚያ ነው ሰው የሚተዋወቀው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። "መውጫ" የሚለው አረንጓዴ ምልክት ፎቶ ያበላሻል ተብሎ በአበባ ሲሸፈን፣ የጎን በሩም ሰው ሳይጠራ እንዳይገባ ተብሎ ሲቆለፍ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1942 ቦስተን ውስጥ ኮኮናት ግሮቭ በሚባል የምሽት ክበብ እሳት ሲነሳ፣ ለ460 ሰው በተፈቀደው ቤት ውስጥ 1,000 ገደማ ሰው ታጭቆ ነበር። ዋናው የሚሽከረከር በር በሰው ብዛት ተጣበቀ፣ ሌሎቹ ገሚሱ ተቆልፈዋል፣ ገሚሱ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ነበሩ። 492 ሰው ሞተ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ማየት ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲሆን መስፈርቱ ሌላ ነው። አዳራሹ ከመሥሪያ ቤቱ በራቀ ቁጥር ተስማሚነቱ ይጨምራል። ስለ ወጪ ቅነሳ የሚመክር ስብሰባ ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ካልተደረገ ሐሳብ አይፈልቅም ይባላል። እዚያ ላይ ስለ ድምፅ ማስተጋባት ማንም አያማርርም፣ ምክንያቱም የሚሰማ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ውሉ ነው። ውል የሚነበበው ደግሞ ከተፈረመ በኋላ ነው። በተለይ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው፦ አዳራሹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው ይከፈላል፣ የተጀመረ ሰዓት እንደ ሙሉ ሰዓት ይቆጠራል። እና አምስት ጉዳይ ሲል፣ መብራት ማጥፊያው አጠገብ የቆመው ዘበኛ ሰዓቱን እያየ ሳለ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቃል ያልተነፈሱት አጎት ማይክ ይቀበላሉ። "በሁለት ቃል ላመስግንና ልሰናበት" ይላሉ። ከኮት ኪሳቸው ወረቀት ያወጣሉ። አራት ገጽ ነው፣ ከፊትም ከኋላም የተጻፈ።