ሦስት ቀን ቀረው

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ማታ፣ ጎንደር በእናቴ ቤት ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «ጋሼ፣ ሦስት ቀን ቀረው» አለኝ። ምን እንደቀረው ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እኔ በዚያች ሰዓት በልቤ የምቆጥረው ሌላ ቀን ነበርና። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። ባጃጅ ይነዳ የነበረው የጎረቤታችን ልጅ እሑድ ሌሊት ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገድሎ፣ ባጃጁም ተወስዶ፣ ሰኞ ቀብረነዋል፤ በማግስቱ ሳልስቱ ነው። የእህቴ ልጅ የሚቆጥረው ግን ዓርብ መስከረም 23 በኔትፍሊክስ የሚጀምረውን፣ የአንድ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ የሚተርክ ተከታታይ ድራማ ነበር። «እርስዎ በሚኖሩበት አገር የተፈጸመ ነው አሉ፤ ቦታውን አይተውታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ልጅ ደግ ልጅ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ለድንኳኑ አግዳሚ ወንበር የተሸከመው፣ ውኃ የቀዳው፣ እንግዳ ያስታጠበው እርሱ ነው፤ ሟቹንም በቅርብ ያውቀው ነበር። በአንድ እጁ የማስታጠቢያውን ጆግ፣ በሌላው የነፍሰ ገዳዩን ፎቶ ይዞ ሁለቱ ነገሮች አንድ ጉዳይ መሆናቸው ያልታየው፣ ፎቶው የመጣበት መንገድ አሳምሮ ስለሚሸፍነው ነው። እኔም ጎንደር ላይ እንዲህ የደነገጥኩት፣ ይህንኑ ቆጠራ ባሕር ማዶ ሦስት ዓመት ቀደም ብዬ ስለሰማሁት ነው። (የዚያን አገር ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በእነርሱ አቆጣጠር ነው።)

የምኖረው በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን በምትባለው ክፍለ ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ነው። የእህቴ ልጅ የሚጠብቀው ድራማ የሚተርክለት ኤድ ጊን የኖረባት ፕሌይንፊልድም እዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ ያለች ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ናት። ሰውዬው መግደሉን ያመነው ሁለት ሴቶችን ነው፤ በ1954 የመጠጥ ቤት ባለቤት የነበረችውን ሜሪ ሆጋንን፣ በኅዳር 1957 ደግሞ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ትመራ የነበረችውን በርኒስ ዎርደንን። ከዚያም ሌላ መቃብር እየቆፈረ አስከሬን ያወጣ ነበር። ከተያዘ በኋላ መኪናው በ1958 በጨረታ ሲሸጥ አንድ የትርኢት ነጋዴ በ760 ዶላር ገዝቶ፣ ከእያንዳንዱ ተመልካች 25 ሳንቲም እየተቀበለ አሳየው። የመቃብሩ ድንጋይ እንኳ በ2000 ተሰርቆ በዓመቱ ሲያትል አካባቢ ተገኘ። ስለ እርሱ ለእህቴ ልጅ የምነግረው ብዙ ነበረኝ። ስለ በርኒስ ዎርደን የማውቀው ግን ከመደብሯ አያልፍም፤ ያንን ልጁን እየተመለከትኩ ሳስበው አፈርኩ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን ልናገር። መስከረም 2015 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ከመተማ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ሚልዋኪ ያለን ጥቂት የጎንደር ልጆች ነን፤ መርዶውን ሊነግሩኝ ስድስት ሆነው፣ ከሥራ በፊት፣ ገና ሳይነጋ መጡ። በሩን ከፍቼ አንደኛዋ ጀበና እንደያዘች ሳይ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ሰው መርዶ ብቻውን እንዳይሰማ፣ ቆሞ እንዳይሰማ፣ በባዶ ሆዱ እንዳይሰማ የሚደረገው ጥንቃቄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያወቅሁት በዚያ ማለዳ፣ በሰው አገር ወለል ላይ ተቀምጬ ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስኩ። በምሳ ሰዓት፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ስለ አንድ ድራማ ብቻ ያወሩ ነበር። መስከረም 21 ቀን 2022 የተጀመረው፣ የጄፍሪ ዳመርን ታሪክ የሚተርከው ድራማ ነው፤ ዳመር ደግሞ በ1978 እና በ1991 መካከል 17 ወንዶችንና ታዳጊዎችን ገድሎ ያብዛኞቹን ሕይወት ያጠፋው እዚያው እኛ በምንኖርበት ሚልዋኪ ውስጥ ነው። አንዷ «ስንተኛው ክፍል ላይ ደረስክ?» አለችኝ። ማዘኔን ታውቃለች፤ የሐዘን መግለጫ ካርዱ ላይ ፈርማለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሰው መገደሉና ድራማው በአሳቧ ውስጥ አልተገናኙም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ምሳዬን ጥዬ ተነሣሁ፤ ለምን እንደተነሣሁ የጠየቀኝም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የተከታተልኩት። ከሟቾቹ የአንዱ እህት በ1992 ፍርድ ቤት ቆማ በገዳዩ ላይ የጮኸችው ጩኸት፣ በድራማው ውስጥ በአንዲት ተዋናይት ቃል በቃል፣ ልብሷና የጠጉር አሠራሯ ሳይቀር ተደገመ። እህቲቱ ማንም እንዳላነጋገራት በይፋ ተናገረች። የድራማው ፈጣሪ በበኩሉ ወደ ሃያ የሚጠጉ የሟቾችን ቤተሰቦችና ወዳጆች ለማነጋገር ሞክረው አንድም ሰው እንዳልመለሰላቸው ገልጿል። ማን እውነት እንዳለው ልፈርድ አልችልም። የማውቀው፣ ያቺ ሴት የወንድሟን ሞት ለሁለተኛ ጊዜ የሰማችው መርዶ ነጋሪ ሳይላክላት፣ ዓለም ሁሉ በሰማበት መንገድ መሆኑን ነው። ድራማው በ60 ቀን ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ሰዓት በላይ ታየ። አንድ ለቅሶ ይህን ያህል ሰው ደርሶት አያውቅም፤ ከደረሱት መካከል ግን ቤተ ሐዘኑን «ነፍስ ይማር» ያለው ስንት ነው?

አገሩን በጅምላ ልወቅስ አልፈልግም፤ ያስገረመኝንም መናገር አለብኝ። በ1996 የዳመር ዕቃዎች፣ ፍሪጁና ቢላዎቹ ሳይቀሩ፣ ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የሚልዋኪ ሰዎች ከ400,000 ዶላር በላይ አዋጥተው ገዟቸውና አጠፏቸው፤ ገንዘቡም ለሟቾቹ ቤተሰቦች እንዲሆን ተደረገ። ይኖርበት የነበረው ሕንፃም ቀድሞ በ1992 ፈርሶ ነበር። ቦታውን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሄጄ አየሁት፤ በሰሜን 25ኛ መንገድ ላይ ያለ የታጠረ ሣር ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። መዋጮውን ሳስበው እድር ነው የመሰለኝ። ግሌንዳ ክሊቭላንድ የምትባል ጎረቤትም ነበረች። በግንቦት 1991 ከላኦስ የተሰደደ ቤተሰብ የ14 ዓመት ልጅ ከገዳዩ አምልጦ ወደ መንገድ ሲወጣ ፖሊሶች መልሰው ለገዳዩ አሳልፈው ሰጡት፤ እርሷም ልጅ መሆኑን እየነገረች ፖሊስ ጋ ደጋግማ ደወለች፣ አልሰሟትም። ስደተኛ ሆኜ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ክፍል ነው። የማይታመን ሕፃን፣ የማትሰማ ጎረቤት። የዚያች ሴት ስም በየአውቶቡሱ ቢለጠፍ እኔ ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ።

የእህቴን ልጅ ድራማ ከልክዬው አልነበረም፤ ጎንደርም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠባት ከተማ ናትና፣ ልጆቿ ዓለም ያየውን በሰዓቱ ማየት ሲጓጉ አይገርመኝም። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ «የበላዔ ሰብእን ታሪክ ታስታውሳለህ?» አልኩት። ሳቀ። ኪዳነ ምሕረት በየካቲት 16 ስትነግሥ ያልሰማው የጎንደር ልጅ የለም። 78 ሰው የበላ ሰው ነው፤ ከድራማዎቹ ገዳዮች ሁሉ ይበልጣል። ይሁንና ሲተረክልን እንዴት እንዳረደ፣ እንዴት እንዳበሰለ የነገረን ሰው አለ? የሚነገረን ስለ ውኃ ጥም ነው፤ በእመቤታችን ስም ስለ ሰጣት ጥርኝ ውኃ ነው፤ ስለ ሚዛኑ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይም የሚሣለው ሚዛኑ ነው፤ በአንዱ ወገን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኟ ውኃ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሥዕል የማየው የእመቤታችንን ምሕረት ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሟቾቹን አየኋቸው። የእመቤታችን ጥላ እስኪያርፍባት ድረስ ውኃዋ ቀላል ነበረች፤ 78ቱ ይከብዱ ነበር። ገዳዩ ሲማር እንኳ ሙታኑ ተመዝነዋል።

የጎንደር ሠዓሊዎች ሌላም ጥንቃቄ ነበራቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሥሉታል፤ ተመልካቹ ከክፉው ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጥም ነው እየተባለ ተነግሮን አድገናል። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ የነበረው ፎቶ ግን ሰውዬውን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ፣ በጥሩ ብርሃን ያሳያል።

«ገዳይ» በእኛ ዘንድ ምስጋና አይደለም ወይ የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ በፉከራውም በሠርጉም ገዳይ ስንል ኖረናል፤ ይህ ውዳሴ በየገጠሩ ስንት ደም እንዳስመለሰ፣ ስንት ቤት እንደዘጋ የምናውቀው እኛው ነን፤ ስለዚህ ንጹሕ ነን አልልም። ቢሆንም ፎካሪው የሚፎክረው በአንበሳ ወይም መሣሪያ በያዘ ጠላት ነው። ጎረቤቱን በሌሊት ለገደለ የሚፎክርለት የለም፤ ደመኛ ይባላል፣ ከአገር ይሰደዳል፣ ቢመለስም በሽማግሌ ፊት ደም ሳይደርቅ ቀና ብሎ አይሄድም።

የሚያስፈራኝ ይህ ሁሉ እየላላ መምጣቱ ነው። በአማርኛ የወንጀል ታሪክ የሚተርኩ የዩቲዩብ ቻናሎች ተበራክተዋል፤ የተገደለች ሴት ፎቶ ከገዳይዋ ፎቶ ጎን ተለጥፎ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ ድንኳኑ ሳይነሣ ይለቀቃል። ይህን ከባሕር ማዶ ሆኜ ሳይ የምሳ ጠረጴዛው ትዝ ይለኝ ነበር። በሳልስቱ ዕለት ግን በዓይኔ አየሁት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ አንድ ወጣት ማይክሮፎንና የስልክ ማቆሚያ ይዞ ወደ ድንኳኑ ገባ። የሟቹን እናት ሊያነጋግር ነው የመጣው። እናትየው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጣለች፤ ድምጿ ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል። ወጣቱ ማቆሚያውን ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ዝም አለ። እኔ ልነሣ ስል የእድሩ ዳኛ ቀደሙኝ፤ አልተቆጡትም። ትከሻውን ይዘው «ልጄ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉት። «ሥራ ላይ ነኝ አባባ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» አላቸው። «እንግዲያው አምስቱን ደቂቃ ተቀመጥ። ስሙን ታውቃለህ?» ሲሉት፣ ወጣቱ ስልኩን ከፍቶ መፈለግ ጀመረ። ዳኛው ስልኩን በእጃቸው ቀስ አድርገው ሸፈኑና ስሙን ነገሩት፤ የአባቱን ስም ነገሩት፤ የክርስትና ስሙን ነገሩት፤ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሁሉ ያለ ሒሳብ ሐኪም ቤት ያደርስ እንደነበር ነገሩት። ከአግዳሚው ወንበር ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉለት።

የእህቴ ልጅ ጆጉን ይዞ መጣና እጁን ሊያስታጥበው ጎንበስ አለ። ወጣቱ ማይክሮፎኑን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ፤ በመጨረሻ ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ አኖረው፣ ታጠበ፣ ንፍሮውን በሁለት እጁ ተቀብሎ «ነፍስ ይማር» አለ።