ከሥራ ፈላጊ ብር የሚጠይቅ አሠሪ አይደለም

አራት ኪሎ መንገድ ዳር ጋዜጣ በኪራይ እያገላበጡ ክፍት የሥራ ቦታ ይፈልጉ የነበሩ ተመራቂዎች ዛሬ ያቀረቀሩት ስልካቸው ላይ ነው። ለውጡ በብዙ መልኩ ደግ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ሆሳዕና የሚኖር ወጣት ማስታወቂያ ለማየት ብቻ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ቀርቶለታል። ይሁን እንጂ ጋዜጣው ላይ የድርጅቱ ስም፣ ሕንፃውና ማመልከቻ የሚቀርብበት ቢሮ ይታተም ነበር። በቴሌግራም የአንድ ታዋቂ ባንክ ዓርማ ለጥፎ ገጽ የሚከፍት ሰው ግን ስሙንም ስልኩንም ሳያሳይ መሥራት ይችላል።

አጭበርባሪው በመጀመሪያው ቀን ብር አይጠይቅም። መጀመሪያ «ተመርጠዋል» ይላል። ማኅተም ያረፈበት የቅጥር ደብዳቤ ይልካል፤ ደመወዙን፣ የቤት አበሉን፣ ሥራ የሚጀመርበትን ቀን ይዘረዝራል። ልጁ እናቱ ዘንድ ይደውላል፤ ጎረቤቱ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል። ብሩ የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለመመዝገቢያ፣ ለሥልጠና፣ ለደንብ ልብስ፣ ለጤና ምርመራ። «እስከ ዛሬ ማታ ካልከፈሉ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል» የሚል ማስፈራሪያም ይከተለዋል። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ለቤተሰብ የተነገረውን የምሥራች መልሶ መቀማት ነው። የተታለሉትን ወጣቶች «ስግብግቦች» እያሉ የሚዘልፉ ሰዎች በእጅጉ ያናድዱኛል። አንድ ደመወዝ አግኝቶ የቤት ኪራይ ልክፈል ያለ ተመራቂ ምን ስግብግብነት አለበት?

እኛም መንገዱን አመቻችተንለታል። ለገንዘብ ያዥነት፣ ለሽያጭ ወይም ለጥበቃ ሥራ ተያዥ ማቅረብ በአገራችን የተለመደ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣና በከተማው ዘመድ የሌለው ወጣት ብቁ ሆኖ ሳለ በተያዥ ምክንያት ብቻ ስንት ሥራ እንደሚያመልጠው ያየ ያውቀዋል። አጭበርባሪውም ያውቀዋል። «በተያዥ ፋንታ ይህን ያህል ብር ያስይዙ፤ ከሦስት ወር በኋላ ይመለስልዎታል» ሲለው ልጁ የሚሰማው እፎይታ ነው። ሥራ ለማግኘት ለደላላ መክፈልን እንደ ወግ ስንቆጥር ስለኖርን፣ ጥያቄው ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም።

ሕጉ ግን ይህን ወግ አያውቀውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲን ሲተረጉም፣ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎቱን የሚሰጥ መሆን እንዳለበት አስቀምጧል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181ም መነሻው ይኸው ነው። በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። እንግዲህ ለአገር ውስጥ ቅጥር ብር የጠየቀ ሁሉ፣ ደብዳቤው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ የሚታመን አይደለም። ወላጆችም ይህን ይወቁት፤ ብሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከእነሱ ኪስ ነውና።

መሐል ከተማ ላለ ሰው ማጣራት ብዙ አይከብድም። ከብሔራዊ ትያትር እስከ ሰንጋ ተራ ባለው አካባቢ የበርካታ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረዋል፤ «ቀጥረንሃል» የሚል መልእክት የደረሰው ወጣት በእግሩ ሄዶ የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ ይችላል። በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘብ ሲላክ የተቀባዩ ስም አስቀድሞ ይታያል፤ ድርጅት ነኝ ያለው ሰው የግለሰብ ሒሳብ ከሰጠ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። ዋናው የትምህርት ማስረጃ ታይቶ ይመለሳል እንጂ ማንም ጋ አይቀመጥም። ገንዘቡ ከተላከ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል፤ በቴሌግራም አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ከሰውየው ጋር ክርክር ከመግጠም በፊት መልእክቶቹን ፎቶ አድርጎ ማስቀመጥ ይቀድማል።

ከብሩ የሚብስ ጉዳትም አለ። «ደመወዝ የምናስገባበት» ብለው የባንክ ሒሳብ ከወሰዱ በኋላ በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቃሉ። ሒሳቡን አከራየን የሚሉ ወጣቶች ደግሞ የሌላ ሰው የተዘረፈ ገንዘብ በስማቸው አልፎ ተጠያቂ ይሆናሉ። ከአገር የሚያስወጣው ማታለያ ደግሞ ሕይወት ይነጥቃል። በየካቲት 2017 ከማይናማር የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚህ ግቢዎች ሰው የሚሳበው ጥሩ ደመወዝ ባለው የውጭ አገር ሥራ ተስፋ ነው፤ ከገባ በኋላ እየተደበደበ ሌሎችን በኢንተርኔት እንዲያጭበረብር ይገደዳል። የውጭ አገር ሥራ የሚያስብ ሰው የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳያጣራ ፓስፖርቱን ለማንም መስጠት የለበትም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን በሥራ ፈላጊው ትከሻ ላይ ብቻ መጫኑ ፍትሕ አይደለም። «ስሙ ያልተገለጸ ታዋቂ ድርጅት» እያሉ ማስታወቂያ የሚያወጡ፣ አድራሻቸውን ደብቀው አንድ የሞባይል ቁጥር ብቻ የሚሰጡ ትክክለኛ አሠሪዎች አሉ። ከእነሱ ማስታወቂያ ጎን የሐሰተኛው ሲቀመጥ ልጁ በምን ይለየው? ድርጅቶች ስማቸውንና የቢሮ ስልካቸውን ይጻፉ፤ ከማስታወቂያው ግርጌ «ለቅጥር ምንም ክፍያ አንጠይቅም» የሚል አንድ መስመር ያክሉ። ዓርማቸውን ለጥፎ የሚነግድ ገጽ ሲያገኙ በይፋ ያጋልጡት። የሰው ኃይል ክፍሎቻቸውም ስልክ ያንሱ፤ «ይህን ደብዳቤ የላካችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት በዚያው ቀን መልስ ይስጡት።