አንድ ሚስማር ጠፍቶ ነው?

ይሄን ነገር ካልተነፈስኩት አላድርም። የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ "ቡቲክ ሆቴል" ብላችሁ የምትከፍቱ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከባሕር የሚወጣ ሰው እርጥብ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የነገራችሁ ሰው የለም?

ነገሩ የተጀመረው በእማዬ ነው። "አንድ ቀን ባሕር አጠገብ ተኝቼ፣ ድምፁን እየሰማሁ ብነቃ" ስትል ስንት ዓመቷ። ዘንድሮ ጨክኜ አጠራቀምኩ። ስንት ወር እንደፈጀብኝ አልናገርም፣ ሳስበው ያመኛል። ትልልቆቹን ሆቴሎች ግርግር ነው ብዬ ተውኳቸው። ስምንት ክፍል ብቻ ያለው፣ ነጭ በነጭ የሆነ፣ ፎቶው ልብ የሚያጠፋ ቡቲክ አገኘሁ። ነጥቡ ከአሥር ዘጠኝ ምናምን። መግለጫው ላይ "እያንዳንዷ ነገር ለእርስዎ ታስባ የተሠራች" ይላል። ይቺን አባባል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት ዋጋና መጨረሻ ላይ የከፈልኩት ዋጋ በዘመድ እንኳ አይገናኙም። የጽዳት ተብሎ ተጨመረ። የአገልግሎት ተብሎ ተጨመረ። ግብር መጣ፣ እሱስ ይሁን። ከዛ "የሪዞርት ክፍያ" የሚባል ብቅ አለ። የቱ ሪዞርት? ስምንት ክፍል ነው እኮ! አሜሪካኖቹ ይሄ ጨዋታ ቢያንገፈግፋቸው እ.ኤ.አ. ከሜይ 12፣ 2025 ጀምሮ ደንብ አወጡበት። የአዳር ዋጋ የሚያስተዋውቅ ሁሉ፣ ከመንግሥት ግብር በቀር፣ የግዴታ ክፍያዎቹን ደምሮ ከፊት ማሳየት አለበት። እኔ የሄድኩበት ግን ክፍያው እንደ ሽንኩርት ነው፣ በላጥኩት ቁጥር ያስለቅሰኛል።

እሺ ደረስን። ሪሴፕሽን የለም። ረስተውት አይደለም፣ "ነፃነት" ነው የሚሉት። በሩ ላይ ቁጥር የሚነካበት ቁልፍ አለ፣ ቁጥሩ በስልክ ይላካል። ቁጥሩም ተልኳል። ችግሩ ሰባት ቁጥርን ብትጫን አትሰማም። ጨው በልቷታል። እማዬን ሻንጣ ላይ አስቀምጬ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ፣ ሰባትን በአውራ ጣት፣ በጥፍር፣ በፀጉር ጌጥ፣ በልመና ጭምር ሞከርኳት። ስደውል አይነሳም። መልእክት ስጽፍ "ሰላም ውድ እንግዳችን፣ መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል ማሽን ይመልሳል። ሃያ ደቂቃ!

ወንድሜ በያጅ ስለሆነ ይሄን ነገር አስረድቶኛል። ባሕር አጠገብ አየሩ ራሱ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። "አይዝግም" የሚባለው ተራው ስቴንለስ ስቲል፣ 304 የሚሉት፣ እዛ ሲቆም ቡኒ ቡኒ ያወጣል። ስለዚህ የገባው ሰው ሞሊብዲነም ያለበትን 316 ይገዛል። ወደድ ይላል። የኛ ቡቲክ የበሩ እጀታ፣ የበረንዳው መደገፊያ፣ የሻወሩ ራስ ሁሉ የሻይ ቀለም ይዟል። ለትራሶቹ ጨርቅ የወጣው ገንዘብ ግማሹ ለብረቱ ቢወጣ ኖሮ ሰባት ቁጥር ዛሬም በሕይወት ትኖር ነበር።

ገባን። ክፍሉ ያምራል፣ አልዋሽም። እማዬ ዙሪያውን አየች፣ አልጋውን አየች። አልጋው ከመሬት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። "ይሄ አልጋ ነው ወይስ ፍራሹ ወድቆ ነው?" አለችኝ። ጉልበቷን ታሟለች እኮ። ለመተኛት እኔን ይዛ ትወርዳለች፣ ለመነሳት እኔን ይዛ ትወጣለች። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ከጉድጓድ ሰው እንደማውጣት ነው።

ሽንት ቤት ካልኩ አይቀር።

በር የለውም። ደግሜ ልበለው፣ በር የለውም። በመስታወት የተከለለ ነው፣ ያውም ወለል ብሎ የሚያሳይ መስታወት፣ አልጋው ፊት ለፊት። እማዬ ቆማ፣ መስታወቱን በእጇ ነካ ነካ አድርጋ፣ "በሩ ለጥገና ሄዶ ነው?" አለች። ዲዛይን ነው አልኳት። "የማነው ዲዛይን?" አለች። መልስ አልነበረኝም። እሷ በታጠበች ቁጥር እኔ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፣ እኔ ስታጠብ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆሜ ባሕር ስመለከት ያያችሁኝ ካላችሁ፣ ተመስጬ እንዳይመስላችሁ።

ባሕሩም ቢሆን "የባሕር እይታ" ተብሎ የተከፈለበት ነው። በረንዳው ጥግ ሄደሽ፣ መደገፊያውን ይዘሽ፣ አንገትሽን ወደ ግራ ካሰገግሽ፣ በሁለት ጣሪያዎች መሃል አንዲት ሰማያዊ ክር አለች። እሷ ናት እይታው። ፎቶው የተነሳው ከጣሪያ ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። መዋኛ ገንዳውም ፎቶው ላይ ማለቂያ የለውም፣ በአካል ግን አራት ሰው ከገባ አምስተኛው ተራ ይጠብቃል። ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ ስንቱን ጉድ ሸፈነ!

ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ዘጠኝ ናቸው፣ አንዱም ምልክት የለውም፣ ከአልጋው ሥር የምትበራዋ መብራት ደግሞ በአንዳቸውም አትጠፋም። ሶኬት አልጋው አጠገብ የለም። መሃል ወለል ላይ የቆመ እንቁላል የመሰለ ትልቅ ገንዳ አለ፣ ቦይለሩ ግን 50 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ሙቅ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ያልቃል። ትራሱ ላይ በሚያምር ክር የታሰረች ትንሽ ሳጥን አገኘን። ቸኮሌት መስሎኝ ከፈትኩት። የጆሮ መድፈኛ! ለምን እንደሆነ የገባኝ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከጎናችን ያለው የባሕር ዳርቻ መጠጥ ቤት ሙዚቃውን ሲለቀው ነው። እማዬ የሕይወቷን የባሕር ድምፅ ልትሰማ መጥታ ጆሮዋን ደፍና አደረች።

ይሄ ሁሉ ያልፋል። ያላለፈልኝ ሌላ ነው።

በማግስቱ ባሕር ገባን። እማዬ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ማዕበሉ መጣ፣ እስከ ደረቷ ገባች፣ እንደ ሕፃን ሳቀች። ለዛች ሳቅ ብቻ ስል ብዙ ይቅር እላለሁ። ተመለስን። ሁለታችንም እርጥብ፣ ሁለታችንም አሸዋ በአሸዋ። መግቢያው ላይ እግር መታጠቢያ ቧንቧ የለም። ነጭ ምንጣፍ ግን አለ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ በጣታችን ጫፍ እየረገጥን፣ እንደ ሌባ ገባን።

አሁን የዋና ልብሱንና ፎጣውን የት እንስቀል?

ፈለግኩ። ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ አንድ ሚስማር የለበትም። ከሽንት ቤቱ በር ኋላ መስቀያ የለም፣ በሩም የለም። ቁምሳጥን የለም፣ በምትኩ ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለ፣ ባሕር የተፋው የሚመስል እንጨት አለ፣ ሦስት የቀርከሃ ማንጠልጠያ ይዞ። እርጥብ ፎጣ ስሰቅልበት ወደ አንድ ጎን አዘነበለና ሁሉንም መሬት ላይ ዘረገፈው። ወንበሩ ላይ እንዳላደርገው ወንበሩ የተልባ እግር የመሰለ ነጭ ጨርቅ ነው፣ "እባክዎ እርጥብ ነገር አያስቀምጡበት" የሚል ጽሑፍ ተቀምጦበታል። ለካ ችግሩን ያውቁታል! አውቀውታል፣ "ታስባ የተሠራች" እንዳሉት አስበውበታል፣ መፍትሔ ብለው ያመጡት ማስጠንቀቂያ ነው።

ሻወር ቤት ገባሁ። እዛ አንዲት ካርድ አገኘሁ። ቅጠል ተስሎባታል። "ምድራችንን አብረን እናድን። ፎጣዎን ከሰቀሉት ደግመው ይጠቀሙበታል ማለት ነው። መሬት ላይ ከጣሉት እንቀይርልዎታለን።"

ከሰቀሉት።

ምኑ ላይ?! ምኑ ላይ ልስቀለው በፈጠራችሁ?! ምድርን ለማዳን ፈቃደኛ ሆኜ እርጥብ ፎጣ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፣ ምድር የምትድንበት ሚስማር ነው የጠፋው!

ይቺ ካርድ ታሪክ እንዳላት በኋላ አንብቤ አወቅሁ። ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል አሜሪካዊ የአካባቢ ተቆርቋሪ እ.ኤ.አ. በ1986 "ግሪንዎሺንግ" (ለይስሙላ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ መምሰል) የሚለውን ቃል ሲያመጣ መነሻው እንዲህ ያለችው የሆቴል ፎጣ ካርድ ነበረች። ሆቴሎቹ የላውንደሪ ወጪያቸውን እየቀነሱ ለተፈጥሮ የተጨነቁ ይመስላሉ ነው ያለው። ቢያንስ የሱ ዘመን ሆቴሎች ፎጣ መስቀያ ነበራቸው መሰለኝ።

እማዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ማለቴ ወለሉ ላይ፣ ተቀምጣ ታየኛለች። በመጨረሻ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ቡቲክ ነው ያልሽኝ አይደል? ታዲያ ልብስ መስቀያው የታለ?"

አበቃ። ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም። ሰፈር ያለች ጠባብ የልብስ ቡቲክ እንኳ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ መስቀያ ናት እኮ!

ስሙስ ከየት መጣ ብዬ ፈለግኩ፣ ንዴት እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር (ሙዚቃውም አላስተኛ ብሎኝ)። ኢያን ሽሬገርና ስቲቭ ሩቤል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውዮርክ ላይ ሞርጋንስ የሚባል ሆቴል ከፈቱ። ሩቤል ሌሎቹን ሆቴሎች ሁሉን ነገር ከሚሸጥ ትልቅ መደብር፣ የነሱን ደግሞ ከቡቲክ ጋር አነጻጸረው ይባላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ትንሽ ቤት፣ የራሱ ጠባይ ያለው፣ አንተን የሚያውቅህ። ልክህን እንደሚያውቅ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። ዛሬ ግን ቃሉን ማንም ያነሳዋል። ኮከብ ለማግኘት እንኳ፣ መስፈርቱ ከአገር አገር ቢለያይም፣ ብዙ ቦታ አንድ ሰው መጥቶ ይቆጥራል። ቡቲክ ለመባል የሚመጣ የለም። ግድግዳውን ነጭ ትቀባለህ፣ የጎደለህን ነገር ሁሉ ስም ታወጣለታለህ። ሠራተኛ ከሌለህ "ነፃነት"። በር ከሌለህ "ክፍት ዲዛይን"። ቁምሳጥን ከሌለህ "ቀላልነት"። ዋጋው ብቻ ነው ምንም የማይጎድለው።

ለምን ታዲያ ዘጠኝ ነጥብ አለው ትሉኝ ይሆናል። እሱን እኔን ጠይቁኝ። በደረስን በሁለተኛው ሰዓት፣ ከሰባት ቁጥር ጋር ታግዬ ላቤ ሳይደርቅ፣ የገንዳውን ፎቶ አንስቼ ለጥፌያለሁ። ጓደኞቼ ሁሉ "ዋው የት ነው" አሉ። እኔም ልብ ላኩላቸው። ማን ነው ሄዶ ሄዶ፣ ያን ሁሉ ከፍሎ፣ ተሸወድኩ የሚል? ዝም ብለን እርስ በርስ እየተላላክን ነው።

ከዛ ቤት አንድ ሰው ብቻ አመሰግናለሁ። ክፍል የምታጸዳዋን ልጅ። ጠዋት ስትገባ ፎጣዎቻችን በመስኮቱ ደፍ፣ በሻንጣው እጀታ፣ በገንዳው አፍ ላይ ተዘርግተው አየች። ምንም አልጠየቀችም። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ከኪሷ ሰማያዊ የናይለን ገመድና ስድስት መቆንጠጫ አወጣች። "እማማ፣ እኛም ጓሮ የምናሰጣው በዚህ ነው፣ እንግዳ ሁሉ ይቸገራል" አለች። በረንዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወጠረችው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። አርክቴክቱ፣ ዲዛይነሩ፣ ባለቤቱ ተሰብስበው ያልታያቸውን ነገር እሷ ከኪሷ አወጣችው። እማዬ ጉንጯን ስማ መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ የጠፋው አስተዳዳሪ ራሱ መልእክት ላከ። ማሽን አይደለም፣ ሰው! "ክብርት እንግዳችን፣ ዛሬ ፎቶ አንሺ ስለሚመጣ በረንዳዎ ላይ ያለውን ገመድ ከነልብሱ ለጥቂት ሰዓት እንዲያነሱልን በትሕትና እንጠይቃለን።"

ለእማዬ አነበብኩላት። ቀና ብላ የዋና ልብሷን አየችው፣ ነፋሱ ያወዛውዘዋል።

"ገና አልደረቀም በያቸው" አለች።

አልኳቸው።