ጨው የሚችል ስንዴ በሳህን አይመረጥም

በአፋር አሚባራ ወረዳ የመስኖ ማሳዎች የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ከፍ ባለባቸው ቦታዎች አፈሩ ሲደርቅ ፊቱ ነጭ ይለብሳል። መፍትሔው ሲጠየቅ ቀድሞ የሚመጣው መልስ «ጨው የሚችል የስንዴ ዝርያ ይውጣልን» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው።

ሳህን ውስጥ በጨው ውሃ በራሰ ወረቀት ላይ ዘር አብቅሎ መቁጠር ርካሽ ነው፣ በሳምንት ያልቃል። ነገር ግን ጨው ውስጥ የበቀለ ሁሉ ጨው ውስጥ አያፈራም። ስንዴን ጨው የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቆይቶ ደግሞ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም አሮጌ ቅጠሎች ውስጥ እየተጠራቀመ ከጫፋቸው ጀምሮ ያደርቃቸዋል። ሳህኑ ይህን ሁለተኛውን ጉዳት አያሳይም።

የተሻለው ቡቃያውን ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ላይ ማሳደግ ነው። ለዳቦ ስንዴ ጨው እስከ 150 ሚሊሞላር ይደርሳል፤ በሊትር 9 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። አንዴ ከተደፋ ቡቃያው ይደነግጣል፣ ስለዚህ ጠዋትና ማታ 1.5 ግራም እየተባለ በሦስት ቀን ይሞላል። ካልሲየም አብሮ ካልተጨመረ የሚለካው የጨው ጉዳት ሳይሆን የካልሲየም እጥረት ይሆናል። ሦስተኛው ቅጠል ከወጣ 10 ቀን ሲሞላው ተቆርጦ ሶዲየሙና ፖታሲየሙ ይለካል። የማካሮኒ ስንዴ እዚህ ላይ ደካማ ነው፤ ሶዲየምን ከቅጠል የሚያግደው የዳቦ ስንዴ ዘረመል የለውም። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ተመሳሳይ ዘረመል በማዳቀል አስገብተውለት፣ በጨዋማ ማሳ ምርቱ እስከ 25 በመቶ መጨመሩን በ2012 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ከዚያ በኋላ ማሳ ላይ መውረድ ግድ ነው። ጨው ደግሞ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት እርምጃ ስትራመዱ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንዱ ዝርያ «ያሸነፈው» ጨው የቀነሰበት ቦታ ስለደረሰው ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያ ዝርያ (ለማነጻጸሪያ የሚዘራው) በየጥቂት መደቡ ካልተደጋገመ፣ የአፈሩም ጨው ከ0–30 እና ከ30–60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ካልተለካ ውጤቱ ዕጣ ነው። መቶኛም ያታልላል፦ በደህና አፈር በሄክታር 10 ኩንታል ሰጥቶ በጨዋማው 9 የሰጠው «90 በመቶ ቻለ» ይባላል፤ ከ40 ወደ 26 የወረደው ግን ይጣላል። ገበሬው ኩንታል እንጂ መቶኛ አይሸጥም።

ስለዚህ ዝርያ ሲለቀቅ የተፈተነበት የጨው መጠን አብሮ ይጻፍ። በተለመደው ስሌት የዳቦ ስንዴ እስከ 6 ዴሲሲመንስ በሜትር (የአፈር ጨዋማነት መለኪያ ነው) ይችላል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዴሲሲመንስ 7 በመቶ ገደማ ምርት ያጣል። 12 የደረሰ ማሳ ላይ 40 በመቶው ሄዷል ማለት ነው፤ እዚያ ከዘሩ በፊት የሚቆፈረው የማጠንፈፊያ ቦይ ነው።