ከሜሞሪ ግዢ በፊት ስታቲስቲክሱ ይታይ

በጥምቀት ሰሞን የጎንደር ቢሮዎች ጭር ስለሚሉ፣ ዳታቤዝን ወደ አዲስ ስሪት ለማሻገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። ችግሩ የሚታየው ከቃና ዘገሊላ በኋላ ነው፤ ቀድሞ በቅጽበት ይወጣ የነበረው መዝገብ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ባለጉዳዩም በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» ይባላል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ለውጥ ሲጠፋ የሜሞሪ ግዢ ጥያቄ ይጻፋል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ግዢ በአብዛኛው ከንቱ ወጪ ነው፤ የጎደለው ሜሞሪ ሳይሆን የሰንጠረዦቹ ስታቲስቲክስ ነውና።

ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር እስከ 17ኛው ስሪት ድረስ በስሪት ማሻገሪያ መሣሪያው በፒጂ አፕግሬድ ሲሻገር መረጃውን ሁሉ ይዞ ቢሄድም፣ በየዓምዱ የትኛው ዋጋ ምን ያህል እንደሚደጋገም የሚናገረውን ስታቲስቲክስ ግን ትቶት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የጥያቄ ዕቅድ አውጪው፣ ማለትም መረጃው በየትኛው ስልት እንደሚፈለግ የሚወስነው የሶፍትዌሩ ክፍል፣ የሚሠራው በግምት ነው። አንድ ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ 900,000ው «የተዘጋ» የሚል ምልክት አላቸው እንበል። ዕቅድ አውጪው ማስረጃ ሲያጣ ዓምዱ 200 ያህል የተለያዩ ዋጋዎች እንዳሉት አድርጎ ስለሚያሰላ የሚጠብቀው 5,000 ረድፍ ብቻ ነው፤ ለ5,000 የሚያዋጣውን፣ ረድፎችን አንድ በአንድ እየዞሩ የማጣመር ስልትም ለ900,000 ሊያውለው ይችላል። ጥያቄውን አስኪዶ ዕቅዱን በሚያሳየው ትእዛዝ፣ በኤክስፕሌይን አናላይዝ፣ የተገመተው የረድፍ ብዛት በእርግጥ ከተገኘው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

«ስታቲስቲክሱን አውቶቫክዩም (ከጀርባ ሆኖ ሰንጠረዦችን የሚንከባከበው የፖስትግሬስ ሂደት) ራሱ ይሰበስበዋል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ግማሽ እውነት ነው። አውቶቫክዩም ለዚህ ሥራ የሚነሳው በሰንጠረዡ ላይ በቂ ለውጥ ሲደረግ በመሆኑ፣ የቆዩ መዛግብት የተቀመጡበትና ማንም የማይጽፍበት ሰንጠረዥ ወራት ቢያልፉም ያለ ስታቲስቲክስ ይቆያል።

ስለዚህ የርክክብ ሰነዱ መፈረም ያለበት ቫክዩምዲቢ የተባለው የፖስትግሬስ መሣሪያ በሁሉም ዳታቤዞች ላይ ስታቲስቲክስን በየደረጃው የመሰብሰብ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሻካራ ቢሆንም ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቸኩሎ አገልግሎት መክፈት ግድ ቢሆን እንኳ ከባዶ ይሻላል።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የወጣው 18ኛው ስሪት አብዛኛውን ስታቲስቲክስ ይዞ ስለሚሻገር ነገሩን አቅልሎታል፤ ቫክዩምዲቢም የጎደለባቸውን ሰንጠረዦች ብቻ ለይቶ የሚሠራበት አማራጭ ተጨምሮለታል። ይሁንና የዳታቤዙ ኃላፊ በበርካታ ዓምዶች ላይ በትእዛዝ የፈጠረው ተጨማሪ ስታቲስቲክስ አሁንም አብሮ አይሻገርምና፣ ወደ 18 የሚሻገሩ መሥሪያ ቤቶችም ስታቲስቲክስ የሚሰበስበውን ትእዛዝ፣ አናላይዝን፣ ከሥራ ዝርዝራቸው ሊሰርዙት አይገባም።