ተሸናፊ ይነሳ

የጌም ማሽን የሚሠሩ ሰዎች አንድም ቀን የሐበሻ ሳሎን ገብተው አያውቁም። ገብተው ቢሆን ኖሮ "ቆመህ፣ እየዘለልክ፣ እጅህን እያወናጨፍክ ተጫወት" የሚል ማሽን ባልሠሩ ነበር። የኛ ሳሎን እኮ ለመቀመጥ ነው የተሠራው። ሶፋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ቲቪው ያለው ቡፌ ውስጥ ነው። ግራና ቀኙ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ ተደርድሯል። እዚህ መሐል ቆሞ ቴኒስ መጫወት እናትን በግልጽ መዳፈር ነው።

ነገሩን ያባባሰው ኔንቴንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ዊ የተባለውን ማሽን አወጣ። ሪሞት የመሰለ ነገር ትይዛለህ፤ ክንድህን ስትወረውር ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ኳሷን ይመታል። ሐሳቡ ቀሽም አልነበረም። ጆይስቲክ ነክተው የማያውቁ አያቶች ሁሉ ቦውሊንግ ተጫውተውበታል፤ ማሽኑም ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ግን ገና ወሩ ሳይሞላ ሪሞቱ ከሰው እጅ እያመለጠ ቲቪ መምታት ጀመረ። የእጅ ማሰሪያዋ ቀጭን ነበረች፤ ትበጠሳለች። ኩባንያው በዚያው ዲሴምበር 3.2 ሚሊዮን ያህል ማሰሪያ በወፍራም እቀይራለሁ አለ። ልብ በሉ፣ ይሄ ሁሉ የሆነው ሳሎኑ ሰፊ በሆነበት አገር ነው።

እኛ ጋ ዊ የመጣው በሻንጣ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻምፑና በቫይታሚን መሐል ሸጉጦ ያመጣዋል። የአሜሪካው ዊ አዳፕተር ላይ 120 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለ፤ ግን በትንንሽ ፊደል፣ ከሆዱ በኩል ነው የተጻፈው። የኛ ሶኬት 220 ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ቡና ቀርቦ፣ "እስቲ ሰካው" ይባላል። ጷ! ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ዕጣኑን ያሸንፈዋል። ይሄኔ ከጥግ አንድ ሰው ተነስቶ "ኮንቨርተር ያስፈልገው ነበር እኮ" ይላል። ይሄ ሰውዬ በየቤቱ አለ። ከመሰካቱ በፊት ግን ተናግሮ አያውቅም።

አዳፕተሩ ተፈልጎ ቢገኝም ሌላ ጣጣ አለ፤ የአሜሪካ ዊ የአውሮፓ ዲስክ አይቀበልም። ፕሌይስቴሽን 2 ግን ቺፕ ከገባለት ያጎረስከውን የተቀዳ ዲቪዲ ሁሉ ይበላል። እንግዲህ ማን የሰፈር ንጉሥ እንደሆነ ንገሩኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ማይክሮሶፍት ደግሞ ኪኔክትን ይዞ ከች አለ። ይሄኛው ጭራሽ ሪሞቱንም ነጠቀን። ካሜራው ያይሃል፤ ጆይስቲኩ አንተው ራስህ ነህ። በ60 ቀን 8 ሚሊዮን ተሸጦ ጊነስ መዝግቦታል። የሚጠይቅህ ትንሽ ነገር ነው፤ ከካሜራው ወደ ሁለት ሜትር ራቅ በልና በባዶ ቦታ ቁም። እኔ ከቲቪያችን ሁለት ሜትር ወደኋላ ስሄድ ሶፋ ላይ ነኝ፤ ጫማዬን ካላወለቅኩ ደግሞ ሌላ ጦርነት ይነሳል። ካሜራው በፊቱ የሚያልፈውንም ሰው ልጫወት ነው የመጣ ብሎ ያስባል። ስኳር ልትበደር ብቅ ያለች ጎረቤት ሁለተኛ ተጫዋች ሆና ዳንስ ትጠየቃለች። ባዶ እጁን ቲቪ ፊት ቆሞ የሚወራጨው ሰውዬማ፣ ድምፁን ቀንሰህ ካየኸው ጠበል ላይ ያለ ነው የሚመስለው።

ማይክሮሶፍት ግን መች ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን ጌም ማሽኑን ከኪኔክት ጋር አስሮ በ499 ዶላር አቀረበ። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን በ399 አመጣ። ቀን ከሌሊት ሳሎንህ ላይ ለሚያፈጥ ካሜራ 100 ዶላር ማን ይጨምራል? በዓመቱ ኪኔክትን ፈትተው ዋጋውን 399 አደረጉት፤ በ2017 ደግሞ ማምረቱንም ተዉት።

አንዲት ነገር ግን አልክድም። ስልክን ወይ ጆይስቲክን በስሱ ዘንበል እያደረጉ ማነጣጠር፣ ልጆቹ ጃይሮ የሚሏት፣ የምር ትሠራለች። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2015 በቀለም የሚረጫጩበት ስፕላቱን ላይ አሳምሮ አሳይቷታል። አሁን ፐብጂ ሞባይል የሚባለውን የስልክ ተኩስ ጌም የሚጫወት ጎረምሳ ታክሲ ውስጥ ካጋጠማችሁ ታውቋታላችሁ። ስልኩን ያዘነብላል፣ ከዚያ ራሱም ያዘነብላል፣ በመጨረሻ ትከሻችሁ ላይ ነው።

እንደኔ እንደኔ ጌም የሚባለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። የቆርቆሮ በር፣ የደበዘዘ መጋረጃ፣ አንድ አግዳሚ። ሕጉ አንድ ነው፤ ተሸናፊ ይነሳ። ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሌላ ጨዋታ አለ፤ የጆይስቲክ ሽሚያ። ከሁለቱ አንዱ የግራ አናሎጉ ተበልቷል። የያዝከው ተጫዋች ሳትነካው ወደ ኮርነር ይሄዳል። ነባሩ ይሄን ስለሚያውቅ ቀድሞ ደህናውን አንስቶ በጣም ንጹህ በሆነ ፊት "ሁለቱም ያው ነው" ይልሃል። የተሸነፈ ሁሉ ያሸነፈው ጆይስቲኩ ነው። ተበልጬ ነው ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

መብራት ሲጠፋስ? ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አንድ ለባዶ እየተመራህ ቲቪው ድርግም ይላል። የሚመራው ይጮሃል፣ የሚመራበት ደግሞ "ላገባ ነበር" ብሎ ይምላል። ባለቤቱ፣ ብዙ ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በጨለማ ዳኝነት ይቀመጣል። "ተመሪው ይክፈል" ይላል። ይግባኝ የለም። ከጀርባ ያለው ተመልካች ደግሞ ሳይከፍል የሚጫወተው እሱ ነው። "ስጠው! ስጠው! ኧረ አንተ ደንቆሮ፣ ስጠው!" ይልሃል። የዳቦ ብር ይዞ የቀረ ሕፃን እናቱ መጋረጃውን ገልጣ በጆሮው ይዛ ትወስደዋለች። ያ ልጅ አሁን ሲሰድብህ ነበር። ግን ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ነገ ለእናቱ ትነግርበታለህ።

በኦንላይን ተኩስ ለማን ትነግራለህ?

ሲጀመር ራሱ ጨዋታው ስልክም ማሽንም ላይ ቦታ አይተውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮል ኦፍ ዲዩቲ ጌም በአፕዴት ላይ አፕዴት ተደራርቦ 200 ጊጋባይት አካባቢ ደርሶ ነበር። ለአንድ አፕዴት የወር ፓኬጅህን ትሠዋለህ። ገባህ እንበል። ሰርቨሩ፣ ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ያለው ባሕር ማዶ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። እኛ ደግሞ ወደብ የለንም፤ ጥይታችን መጀመሪያ እንደ ጅቡቲ ያለ ጎረቤት አገር ወርዶ ባሕር መግባት አለበት። በተግባር የምታየው ቁጥር፣ ፒንግ የሚሉት፣ ከዚያ እጥፍና ከእጥፍ በላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ይሆናል። ጠላት ታያለህ። ሮጠህ ግድግዳ ጀርባ ትደበቃለህ። እፎይ ትላለህ። ከዚያ ትሞታለህ። ግድግዳው ጀርባ እንዳለህ! ሰርቨሩ ጥይቱን የሚመዝነው ጊዜውን ወደኋላ መልሶ ተኳሹ በዚያች ቅጽበት ባየው ነው። በሰውዬው ስክሪን ላይ አንተ ገና አልተደበቅክም። አንተም ስትተኩስ በዚሁ ሕግ ትዳኛለህ ይሉኛል። ትክክል ነው፤ ግን እኔ ለመተኮስ ስደርስ ሞቼ ነው የምገኘው።

ብዙ ጊዜ የሚሻለን ፒንግ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ማይክ ስትከፍት ዓረብኛ ይወርድብሃል። ደግነቱ ሪያድ ያደገ ጓደኛ አለኝ፤ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ያስተረጉማል። ባለፈው አንድ ድምፁ ያልጎረነነ ልጅ፣ ከኔው ቡድን፣ ትንፋሽ ሳይወስድ አወረደብኝ።

"ምን አለ?" አልኩት።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ አዳመጠ። ልጁ አላቆመም።

"ስለ እናቴ ነው?"

"ኧረ አይደለም" አለኝ። "ኔትወርክህን ነው የሚሰድበው።"

"እንዲህ ከሆነማ ማይኩን አትዝጋበት፣ ይጨርስ" አልኩት።